መቼ ልልቀቅ? ሥራና ኑሮ የሚቀየርበትን ቀን ለመቁረጥ የሚያግዝ መመሪያ

በወሎ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ መካነ ሰላም፣ ቡና ተፈልቶ ሥራ ስለመልቀቅ ያልተወራበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። መምህሩ ሱቅ መክፈት ያስባል። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ዓረብ አገር መሄድ ታስባለች። የደጋው ገበሬ ልጆቹን ይዞ ከተማ ለመግባት ያሰላስላል፤ ከሳዑዲ የተመለሰው ደግሞ እንደገና ለመሄድ ልቡ ይሸፍታል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን በአንድ መልክ ነው፦ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

በዚህ መልክ የተጠየቀ ጥያቄ ማለቂያ የለውም። «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» እያሉ ኖረው ጡረታ የወጡ አሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ንዴት ደብዳቤ አስገብተው በሳምንቱ አማላጅ የላኩም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ያልጠየቁት «ምን ሲሟላልኝ፣ በየትኛው ቀን?» የሚለውን ነው። ይህ መመሪያ ሂዱ ወይም ቅሩ አይልም። ቀኑን ንዴትም የጎረቤት ወሬም እንዳይቆርጠው፣ ሊቆጠር በሚችል ነገር እንዲቆረጥ ለማድረግ ነው የተጻፈው።

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ ባለፈው ወር ያሰባችሁትን ሳይሰረዝ ስለሚያሳያችሁ።

1. የሰለቻችሁን ነገር በስሙ ጥሩት

«ሥራዬ ሰልችቶኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሰለቸው ሥራው አይደለም። አለቃው ይሆናል፤ ደመወዙ ይሆናል፤ መንገዱ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ያለ ያልተነገረ ነገርም ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምክንያት ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ይህ ብቻ ነገ ቢስተካከል እቆያለሁ?

ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ማታ ያንኑ ይወጣል። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ መሐሉ ላይ ስምንት ሰዓት ሥራ። እንዲህ ያለው ሰው «ፋብሪካው ገደለኝ» ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ኮምቦልቻ ቤት መከራየት ስንት እንደሚፈጅ ነው። የደሴን ብርድ ለምዶ የኮምቦልቻን ሙቀት የሚጠላ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሙቀትን መልመድ ሙያ ከመቀየር ይረክሳል።

አለቃው ቢቀየር የምትቆዩ ከሆነ መፍትሔው የክፍል ዝውውር ወይም ያው ሙያ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ደመወዙ ቢጨመር የምትቆዩ ከሆነ ጭማሪ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በጽሑፍ? ብዙ ሰው አንድ ጊዜም ሳይጠይቅ ይለቃል። «አይ፣ ሁሉም ቢስተካከል እንኳ ይህን ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላ ስሠራ ራሴን ማየት አልችልም» ካላችሁ ግን ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. ለአንድ ወር መዝግቡ

የሚለቀቅበትን ቀን የሚያሳስተን ስሜት ስለሚለዋወጥ ነው። ደመወዝ በተቀበልንበት ሳምንት የሚታየን ሥራ በወሩ መጨረሻ ከሚታየን ሥራ ይለያል። በየማታው አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ ዛሬ ምን አስመረረኝ? ዛሬ ምን ደስ አለኝ? ለአራት ሳምንት ያህል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1772 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከአንድ መኳንንት የሥራ ግብዣ ቀርቦለት ልሂድ አልሂድ ብሎ ሲጨነቅ አሜሪካዊውን የመንግሥት ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊንን አማከረው። ፍራንክሊን «ምን እንደምትወስን ልነግርህ አልችልም፤ እንዴት እንደምትወስን ግን እነግርሃለሁ» በሚል መንፈስ መለሰለት። አንድ ወረቀት በመስመር ለሁለት ክፈል፤ በአንዱ በኩል ደጋፊውን፣ በሌላው ተቃዋሚውን ምክንያት ጻፍ፤ ግን በአንድ ቀን አትጨርሰው፣ ሦስት አራት ቀን ስጠው፤ ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዝክ የቀረውን እይ። ፕሪስትሊ ሥራውን ተቀበለ። የምክሩ ጉልበት ያለው መስመሩ ላይ አይደለም፤ ቀናት መስጠቱ ላይ ነው። የንዴት ቀን ምክንያትና የደስታ ቀን ምክንያት አንድ ገጽ ላይ ካልተገናኙ ሚዛን የለም።

ከወሩ በኋላ ገጹን ስታነብቡ ያው አንድ ምሬት እየተደጋገመ ከመጣ እውነተኛ ነው። በየቀኑ የተለያየ ምሬት ከሆነ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ እረፍት ነው።

3. ያላችሁን በብር ሳይሆን በወር ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

«60 ሺህ ብር አለኝ» ማለት ምንም አይናገርም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም፤ ከዚያ በፊት ያው ገንዘብ ይገዛ የነበረውንና ዛሬ የሚገዛውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የሚናገረው «ደመወዝ ሳይገባ ስንት ወር እንኖራለን?» የሚለው ነው።

አንድ የደሴ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆች። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው ስለሆኑ በራሳችሁ ተኩዋቸው። የቤት ኪራይ 5,000፤ እህልና አስቤዛ 9,000፤ የልጆች ትምህርትና ትራንስፖርት 2,500፤ መብራት፣ ውኃና ስልክ 800፤ ዕድርና ዕቁብ 1,200፤ ገጠር ለወላጅ የሚላክ 1,000፤ ለሕክምናና ላልታሰበ 1,500። ድምሩ 21,000 ብር ነው። ሚስት 8,000 ብር ታገኛለች እንበል። ባል ቢለቅ በየወሩ የሚጎድለው 13,000 ብር ነው። ስድስት ወር ለመቆየት 78,000 ያስፈልጋል። በእጅ ያለው 60,000 ከሆነ አራት ወር ተኩል ብቻ ያኖራል። በየወሩ 3,000 ብር መቆጠብ ከቻሉ የጎደለው 18,000 በስድስት ወር ይሞላል።

«መቼ?» የሚለው ጥያቄ አሁን የመጀመሪያ መልሱን አገኘ፤ ዛሬ መስከረም ከሆነ ከመጋቢት በፊት የለም።

ስንት ወር ይበቃል? በጽሑፍ የተረጋገጠ አዲስ ሥራ ላለው ሦስት ወር በቂ ነው ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ሊዘገይ፣ የሙከራ ጊዜውም ሊከሽፍ ይችላልና። የራሱን ንግድ ለሚከፍት ከስድስት ወር በታች አይበቃም። በዚህ ላይ አንድ ወር ጨምሩ፤ እኛ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሳይገባ፣ ባንክም ሳይሠራ የሚያልፍ ሳምንት እንዳለ ማንም አልረሳውም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን ያየ ሰው «ቋሚ ሥራ አስተማማኝ ነው፣ ንግድ አስተማማኝ አይደለም» የሚለውን አባባል በጥርጣሬ ይሰማል፤ ያኔ ፋብሪካም ተዘርፏል፣ ሱቅም ተዘርፏል።

ሁለት ነገር ከሂሳቡ ውጭ አድርጉ። አንደኛው ዓረብ አገር ያለች እህት የምትልከው ነው። እሷ የራሷ ሕይወት አላት፤ ስለ እናንተ መልቀቅ ሳትጠየቅ ሸክሙን ማሸከም ነውር ነው። ሁለተኛው የንግዱ መነሻ ገንዘብ ነው። የቀለብና የመነሻ ገንዘብ በአንድ ኪስ ከተቀመጡ ቀለቡ ይበላዋል።

የዕቁብ ዕጣ የሚደርሳችሁ መጨረሻ አካባቢ ከሆነ ያ ቀን ራሱ መልካም የመልቀቂያ ቀን ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ከደረሳችሁ ግን የቀረው መዋጮ ዕዳ ነውና በወጪ በኩል ጻፉት።

4. ወቅቱን ተመልከቱ

የለጋምቦ ወይም የደላንታ ገበሬ የካቲት ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ስለጣለ ብቻ ዘሩን አያፈስም። አፈሩን ቆፍሮ እርጥበቱ የት እንደደረሰ ያያል፤ ሁለተኛውን ዝናብ ይጠብቃል፤ የዘራው ገብስ ቢደርቅበት ሌላ ዘር እንዳለው ያስባል። ደመወዝተኛውም ቢሆን ይህ አስተሳሰብ ይጠቅመዋል፤ ሙያ የመቀየር ሐሳብ ሁልጊዜ በአንድ ካፊያ ነው የሚጀምረውና።

የእህል ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። መኸሩ ተሰብስቦ ገበያ በሚወጣበት በታኅሣሥና በጥር ይረጋጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ይወደዳል። መስከረም ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርምና በዓል ተደራርበው ይመጣሉ። ስለዚህ ልጆች ላሉት ሰው ነሐሴ ከመጥፎዎቹ የመልቀቂያ ወራት አንዱ ነው። ጥር ላይ የስድስት ወር ጤፍና ማሽላ ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው ከላይ ያሰላነውን 9,000 ብር ቀንሶታል ማለት ነው።

መምህር የሆነ ወላጅ ግን ችግር ይገጥመዋል። ክረምቱን ደመወዝ እየተከፈለው የሚያርፍ ስለሆነ ሰኔ ላይ መልቀቅ ለእሱ ኪሳራ ነው፤ ሁለቱን ወር አዲሱን ሥራ ሊሞክርበት ይችል ነበር። በኅዳር መልቀቅ ደግሞ ተማሪዎችን መሐል መንገድ መጣል ነው፤ ይህን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው አይገባኝም። ለእሱ የሚሻለው እህሉን በጥር መሸመት፣ ክረምቱን መሞከር፣ ውሳኔውን በሐምሌ መጨረሻ አሳውቆ ትምህርት ቤቱ ከመስከረም በፊት ምትክ እንዲፈልግ ዕድል መስጠት ነው። መልቀቅ ሳያስፈልግ ዝውውር ብቻ የሚፈታው ጉዳይ ከሆነም የዝውውር ጊዜው ክረምት ነው።

ምግብ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ለመክፈት ያሰበ የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም ይቁጠር። ወሎ ነው፤ ደንበኛው ግማሹ ሑዳዴ፣ ግማሹ ረመዳን ይጾማል። ሑዳዴ 55 ቀን ነው። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ይመጣል፤ በ2018 ሁለቱ በየካቲት ወር በቀናት ልዩነት ብቻ ተጀመሩ። በዚያን ሰሞን የተከፈተ ክትፎ ቤት የመጀመሪያ ወር ኪራዩን ከየት ይከፍላል? ቀደም ሲል ያሰላነው ቤተሰብ ገንዘቡ መጋቢት ላይ ቢሞላለትም ያሰበው ምግብ ቤት ከሆነ ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል። ፍስኩን ትቶ ሽሮ፣ ምስርና የማፍጠሪያ ሾርባ ሳምቡሳ ለማቅረብ ያሰበ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የካቲት ጥሩ ወር ነው።

ለሌላው በአጭሩ፦ የልብስ ስፌት ከነሐሴ በፊት፣ የግንባታ ሥራ ከጥቅምት ጀምሮ፣ የሠርግ ዕቃ ኪራይ ከጥር በፊት። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ሲሆን የንግድ ፈቃድ እድሳትም የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ሰኔ ላይ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ወዲያው የሚከተለውን ግዴታ ጠይቁ።

ገበሬ ሆኖ ወደ ከተማ ለመግባት ያሰበ መሬቱን በቃል ለዘመድ ሰጥቶ አይሂድ። መሬት አይሸጥም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ውሉ ተጽፎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ጊዜውም ከሰብል መሰብሰብ በኋላ ነው፤ የበልግ ደጋ ለሆነው ሐምሌ፣ እንደ ቆቦና ቃሉ ላለው የማሽላ አገር ታኅሣሥ። ዘር መሬት ውስጥ እያለ የሚሄድ ሰው ሁለት ቦታ ይራባል።

5. የሕጉን ቀኖች ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ

በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ሳይሰጥ ጥሎ የወጣ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «ነገ እወጣለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ከምትወጡበት ቀን 30 ቀን ወደኋላ ቆጥራችሁ ደብዳቤውን የምታስገቡበትን ቀን ምልክት አድርጉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል። አምስት ዓመት ለሞላው ወደ 70 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። በአራት ዓመት ከአሥር ወሩ ተናዶ የሚወጣ ሰው ሁለት ወር ባለመታገሡ ከሁለት ወር በላይ ደመወዝ ጥሎ ይሄዳል። የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ቀኑን እዩ። ዛሬውኑ።

የዓመት እረፍታችሁንም ቁጠሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ለምን እንደሚጠቅም በሚቀጥለው ክፍል ይመጣል። ጡረታ በተመለከተ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲዋጣ ቆይቷል፤ ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት ስትዛወሩ አገልግሎቱ እንዲያያዝ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንና የአገልግሎት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት ጡረታ ጽሕፈት ቤቱን በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ጥቂት ወር መጠበቅ ወይም አለመጠበቅ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው በእናንተ ዕድሜ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሌላ ሕግ ነው የሚገዛችሁ፤ በተለይ መንግሥት አስተምሯችሁ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታችሁ ማለቁን አረጋግጡ። ለጓደኛ በደመወዛችሁ ዋስ ሆናችሁም ከሆነ ያ ዋስትና ሳይነሣ ክሊራንስ (ከዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማረጋገጫ) አያልቅላችሁም፤ ይህን የሚያስታውሱት ብዙዎች በመጨረሻው ሳምንት ነው።

6. ሳትለቁ ሞክሩት

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደላንታ ወገል ጤና ላይ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ሲገኝ እርሻውንም ትምህርቱንም ትቶ ገደል የወረደ ሰው ብዙ ነበር። ትልቅ ድንጋይ ያገኘው ሰው ወሬ ደሴና አዲስ አበባ ደረሰ። ወር ሙሉ ዋሻ ሲቆፍር ባዶ እጁን የተመለሰውና አፈር የተናደበት ሰው ወሬ ከቀበሌው አልወጣም። ስለ ማንኛውም አዲስ ሥራ የምትሰሙት ወሬ እንደዚህ ነው። በኮምቦልቻ ኮንቴይነር ሱቅ ከፍቶ መኪና የገዛውን ታውቁታላችሁ፤ ከአጠገቡ ሱቁን ዘግቶ የሄደውን ግን ማንም አያነሣውም።

መድኃኒቱ ራሳችሁ ገብታችሁ ማየት ነው። ከዓመት እረፍታችሁ አሥር ቀን ወስዳችሁ በዚያ ሥራ ያለ ዘመድ ዘንድ በነጻ ሥሩ። ሱቅ ከሆነ ጠዋት ከመክፈቻ እስከ ማታ መዝጊያ ቁሙ፤ ዱቤ ጠያቂው፣ የማይከፍለው ጎረቤት፣ የኪራይ ቀን፣ ዘይት ሲጠፋ የሚሆነው ሁሉ ይታያችሁ። የከብት ንግድ ከሆነ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱ፤ ከአፋርና ከኦሮሞ ነጋዴ ጋር በዋጋ ስትከራከሩ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ መዋል ትችሉ እንደሆነ እግራችሁ ይነግራችኋል። ከአሥር ቀን በኋላ «ነገም እሄዳለሁ» ካላችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ስታስቡት ደስ የሚላችሁ፣ ስትሠሩት ግን ሰዓት የማያልፍላችሁ ከሆነ አሥር ቀን ከፍላችሁ ዓመታትን አተረፋችሁ።

7. ዓረብ አገር ለመሄድ ላሰባችሁ

ይህን ለብቻው የማነሣው መመለሻው ከሌሎቹ ስለሚከብድ ነው። ሱቅ ከከሸፈ ይዘጋል፤ ዓረብ አገር ግን የመኖሪያ ፈቃዱ «ከፊል» ከሚባለው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሥራው ስላልተስማማችሁ ብቻ በቀላሉ መቀየር አትችሉም። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት መካከል ብዙ የወሎ ልጅ ነበር፤ የሄደበትን ዕዳ ሳይከፍል የመጣም አለ።

እህቶቼ፣ ቀኑ ደርሷል የሚባለው እነዚህ ሲሟሉ ነው። ዕድሜ 18 የሞላ፤ የተጻፈ የሥራ ውል በእጅ የገባና በምታምኑት ሰው የተነበበ፤ ጉዞው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የሆነ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ እናንተን የሚመለከተው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ነው። «ለቪዛ መሬት አስይዙ» የሚል ደላላ ሲመጣ ቀኑ አልደረሰም። በባሕር፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል የሚባለውን መንገድ በዚህ መመሪያ ውስጥ እንደ አማራጭ አልቆጥረውም፤ ወሎ ውስጥ ያን መንገድ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ የሌለው ቀበሌ የለም ብል ብዙ ሰው የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ በቤት ውስጥ የሚታለፈው ነው። ገንዘቡ ለምን እንደሆነና መቼ እንደምትመለሱ ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ፤ በራሳችሁ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ለቤተሰብ ከምትልኩት ላይ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው እዚያ ይግባ። ይህን ለአባታችሁ መናገር ከከበዳችሁ ሽማግሌ ይናገርላችሁ። በአምስት ዓመት መጨረሻ «ምን አስቀመጣችሁልኝ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ይብሳል።

8. ምክርና ምርቃት ይለዩ

ወሎ ውስጥ ትልቅ ነገር ያለ ዱዓና ያለ ምርቃት አይጀመርም፤ ወዳጃ የተባለው የጋራ ዱዓ ላይ ተቀምጦ፣ አቦል ቶና በረካው ተጠጥቶ፣ አዛውንቶቹ «አላህ ያቅናልህ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ» ይላሉ። ይህ ይቅር የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ቅደም ተከተሉ ግን ይታሰብበት። ምርቃት ከተመረቃችሁ በኋላ ሐሳብ መቀየር ያሳፍራል፤ ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትሄደው?» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ምክሩ ይቅደም፣ ምርቃቱ ይከተል።

ለምክር ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ እናንተ ልትገቡበት ባሰባችሁት ሥራ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፤ አንዱ ከዚያው ሥራ የወጣ፤ አንዱ ደግሞ እናንተን ደፍሮ «አይሆንልህም» ማለት የሚችል። ለሦስቱም «ልልቀቅ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ኃላፊነት መውሰድ ስለማይፈልግ «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ያልፋችኋል። «የመጀመሪያው ስድስት ወር እንዴት ነበር? በወር ስንት ታወጣ ነበር? ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትዳር ጓደኛ ከሦስቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ እሷ ወይም እሱ አማካሪ ሳይሆን ወሳኝ ነው። የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፤ ከሕጉም በላይ ማታ አብሯችሁ የሚያድረው ሰው ሳያምንበት የተጀመረ ንግድ በመጀመሪያው መጥፎ ወር «ብዬህ ነበር» ይወልዳል። ደብተሩን አሳዩ። የወጪውን ዝርዝር አብራችሁ ካልሠራችሁት ትክክል አይደለም።

9. ሁኔታዎቹንና ቀኑን በአንድ ገጽ ጻፉ

አሁን ያሉትን ነገሮች ሰብስቡ። ገጹ ላይ ሦስት ወይም አራት ሁኔታ ይኖራል፤ እያንዳንዱ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት። «ስዘጋጅ» የሚል ሁኔታ አይሠራም። እንዲህ ያለው ይሠራል፦

የስድስት ወር ቀለብ ተቀምጧል። አሥር ቀን ሞክሬው አሁንም እፈልገዋለሁ። አምስት ዓመቴ ጥር 15 ይሞላል። ባለቤቴ ሂሳቡን አይታ ተስማምታለች።

ከታች አንድ ቀን ጻፉ፤ ለምሳሌ ሚያዝያ 30። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም «አዎ» ከሆነ በዚያው ሳምንት ደብዳቤው ይገባል። አንዱ ብቻ ከጎደለ ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በሦስት ወር ይራዘማል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከጎደለ ለአንድ ዓመት ትቆያላችሁ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ጉዳዩን አታነሡትም፣ ያላችሁበትን ሥራ በሙሉ ልብ ትሠራላችሁ። አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ የሚሠራ ሰው ዕድገትም አያገኝ፣ አዲሱንም አይጀምር።

ሁሉም ተሟልቶ፣ ቀኑም ደርሶ አሁንም ልባችሁ መንታ ከሆነስ? በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር የነበረው ስቲቨን ሌቪት መወሰን ላቃታቸው ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም የሚጥል ጥናት ሠርቶ ነበር፤ ከ20 ሺህ በላይ ሳንቲም ተጥሏል። እንደ ሥራ መልቀቅ ባሉ ትልልቅ ጉዳዮች ለውጥ ያደረጉት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ካላደረጉት ይልቅ ደስተኛ እንደሆኑ ተናግረዋል። ከዚህ የምወስደው ሁሉም ነገር እኩል ሲሆን ሰው ወደ መቆየት እንደሚያደላ ነው፤ ስለዚህ ሁኔታዎቹ ተሟልተው መንታ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ወደ መሄዱ አድሉ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ቢወድቁ የሚይዛቸው ነገር የነበራቸው ይመስለኛል፤ ስንት ወር ቀለብ እንዳላቸው ሳያውቅ ሳንቲም የሚጥል የደሴ ሰው ካለ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእሱ ነው።

10. የመውጫው ሳምንት

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ፣ በአንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የሥራ መደብ፣ የምትለቁበት ቀን፣ ምስጋና። ምሬታችሁን አትጻፉበት፤ ያ ወረቀት ፋይላችሁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከተማዋም ትንሽ ናት።

የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው በነጻ ሊሰጣችሁ የሚገባ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ተቀበሉ፣ የሥራ መደቡና ቀኖቹ በትክክል መጻፋቸውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ቀሪ ክፍያችሁ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውን መሥሪያ ቤቱ ይዞት ከሆነ አስመልሱ፤ ቅጂውን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ አንድ፣ በኢሜይል አንድ አስቀምጡ።

ዕድራችሁን አሳውቁ፤ ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ መዋጮውን የሚከፍልላችሁ ሰው በስም ይመዝገብ፣ አለበለዚያ በሦስት ወር ትሰረዛላችሁ ብለው የሚያስጠነቅቁ ዕድሮች አሉ። የዕቁቡን ዳኛም አነጋግሩ። ከዚያ ደብተሩ ላይ አዲስ ሥራ ከጀመራችሁበት ቀን ስድስተኛውን ወር አስልታችሁ ጻፉ፤ በዚያን ቀን የወጪውን ዝርዝር እንደገና ከባለቤታችሁ ጋር ትሠራላችሁ፤ የቀረው ቀለብ ከሁለት ወር በታች ከወረደ ሌላ ሥራ መፈለግ የምትጀምሩት በዚያው ሳምንት ነው።